የአመተ አዳዲስ ቃላት

የካቲት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ሐሙስ፣ ቢቸና

ይህን ደብተር የገዛችው ባለቤቴ ወይንእሸት ናት። ባለፈው እሑድ ወደ ሞጣ ስትመለስ ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል በመስኮት አቀበለችኝ። «ደሴ፣ የልጄን ነገር ጻፍልኝ። ምን እንደበላች፣ ስንት ሰዓት እንደተኛች፣ ምን እንዳለች። ስመጣ አነበዋለሁ፤ ምንም እንዳያመልጠኝ።» የመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ «የአመተ አዳዲስ ቃላት» ብላ ጽፋ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች። ከሥሩ ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር አውጥታለች።

እኔ ያንን ገጽ ዘልዬ ከሁለተኛው ጀመርኩ። ምን ብዬ ልጻፍ? አመተ ሥላሴ ሁለት ዓመት ከሰባት ወሯ ነው፣ አፏን ገና አልፈታችም። «ማ» የምትለው ነገር አለ፤ ግን እናቷን ስታይም ውሃ ስትፈልግም ያው «ማ» ነው። የአባቴ አጎትም በአራት ዓመቱ ነው የተናገረው ይላሉ። በኋላ ዳኛ ሆነ፣ ማን ያስቁመው።

ወይንእሸት ነርስ ናት። መስከረም ላይ ሞጣ ተመደበች፤ ዝውውር ጠይቃ እየጠበቅን ነው። ልጅቷን የምትይዝልን ሠራተኛ ታኅሣሥ ላይ ጥላን ሄደች። ከዚያ ወዲህ አመተ ከእኔ ጋር ሱቅ ትውላለች። ሱቁ ማለት ሞባይል የምጠግንበት፣ ሜሞሪ ላይ ፊልምና መዝሙር የምጭንበት አንድ ክፍል ነው። ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ ትልቁን ስልክ እሰጣታለሁ። በቃ፣ እዚያው ናት።

እውነቱን ለመናገር ሱቁን ያቀናችው እሷ ናት። ገበሬው ሁሉ ቆሞ ያያታል። በዚያች ጣቷ ከፍታ፣ ገፍታ፣ የምትፈልገውን መርጣ ስታወጣ፣ «ይቺ ልጅ ጉድ ናት! እኔ ጠጉሬ ሸብቶ ቀዩን ቁልፍ ካረንጓዴው አልለየሁም» ይላሉ። ከዚያ «እሷ የያዘችውን ዓይነት አምጣልኝ» ይላሉ። ልጄ እንደሆነች ስነግራቸው ደስ ይለኛል። ለምን አይለኝም?

የካቲት 3፣ ቅዳሜ

ገበያ። በዚያ ላይ ቅበላ። እጄ ዝሏል።

ሁሉም «ዘፈኑን አጥፋ፣ መዝሙር ጫን» ነው። የየዓመቱ ሥራዬ ይኸው ነው፦ ጾም ሊገባ ሲል እደመስሳለሁ፣ በፋሲካ ዋዜማ የደመሰስኩትን መልሼ እጭናለሁ። ዘንድሮ ግን «የልጆች» ብዬ ያዘጋጀሁት ካርቱን ከሁሉ በለጠ። ከእናቶች ብቻ ከሃያ በላይ ሰው። አንዷ ልጅ አዝላ መጣች፤ ዘጠኝ ወሩ ነው። «ስልክ ካልተከፈተለት ጡት እንኳ አይጠባም፤ አይገርምም?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ጫንኩላት።

አመተ ቀኑን ሙሉ አላስቸገረችኝም።

የካቲት 5፣ ሰኞ

ጾም ገባ። አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ለራሴ እንኳ ደስ አለኝ። ከአመተ ስልክ ላይ ካርቱኑን በሙሉ አጥፍቼ መዝሙርና የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ በሥዕል የሚያሳይ ፊልም ጫንኩላት። ኖኅ መርከቡን ሲሠራ፣ ዳንኤል በአንበሶቹ መሀል። እሷም ጾመኛ ሆነች ማለት ነው። ለወይንእሸት ደውዬ ስነግራት «ጎበዝ» አለችኝ። ትንሽ ቅር ሲለኝ የነበረው ነገር ቀለለኝ።

ከሰዓት በኋላ መሪጌታ ደምለው ስልካቸውን ቻርጅ ሊያደርጉ መጡ። እዚህ ከሱቁ ጀርባ ካለው ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ያስተምራሉ። «አመተንም አስጾምኳት» ብዬ ነገርኳቸው፣ ይመርቁኛል ብዬ።

«መልካም» አሉና ቁጭ ብለው አዩዋት። «ግን ልጄ፣ ከምኑ ነው የጾመችው?»

«ከካርቱን ነዋ፣ መሪጌታ።»

«እህ» አሉ። «እኛ ቃል ስንማር መምህሩ ይላል፣ ተማሪው ይመልሳል። ሲስት ይታረማል፣ ሲያገኝ ይመሰገናል። እንዲያ ነው አፍ የሚፈታው። ይኼ የያዘችው ግን ይላል እንጂ አይሰማም። እሷ ብትል ማን ይመልስላታል?»

የሰው ስልክ ከፍቼ ነበር፣ ብሎኑ እንዳይጠፋብኝ ወደ እሱ አጎነበስኩ። ደግሞ የእሳቸው ተማሪዎች ማውራት ችለው ነው የመጡላቸው፤ እሳቸው ምን ቸገራቸው።

የካቲት 9፣ ዓርብ

ወይንእሸት በምሳ ሰዓት ደወለች።

«ዛሬ ምን አለች?»

«እስከ አሥር ቆጠረች።»

«ባማርኛ?»

«በእንግሊዝኛ ነው እንጂ!»

«እማዬ ትላለች?» አለችኝ።

«ትላለች። አሁን ተኝታ ነው እንጂ አገናኝሽ ነበር።»

አልተኛችም። ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር። ውሸቱም ይህን ያህል አይደለም፤ ትምህርት ነው ብዬ ሳላጠፋ ያስቀረሁላት ቁጥር የሚያስተምር ፊልም ሲከፈት አብራ ታጉረመርማለች። ፊልሙ ሲቆም እሷም ትቆማለች። ወይንእሸት ሌሊት ሠርታ የደከመች ሰው ናት፣ ለምን አሳስባታለሁ? ዝም አይነቅዝም።

ደግሞ ስለ ዘይዳ አነሳችብኝ። ዘይዳ ሞጣ ያከራየቻት ሴት ናት፣ ጨርቅ ነጋዴ፣ ሦስት ልጆች አሏት። «አምጪያትና ከልጆቼ ጋር ትዋል፣ አራት ቢሆኑ አይከብደኝም» ብላለች አሉ። አሁንም እምቢ አልኩ። ልጅ ከአባቷ ቤት ወጥታ ሰው ቤት ትዋል? ደግሞ ሱቁም ለምዷታል።

የካቲት 12፣ ሰኞ

እናቴ ከገጠር መጣች። ስሟ ይርጋነሽ ነው፤ ወይንእሸት እንድታውቀው አይደለም የጻፍኩት፣ ታውቀዋለች፤ እንዲሁ ስሟን መጻፍ ደስ ይለኛል። ዘንድሮ የደረሰ ሽምብራ በቋጠሮ ይዛ መጥታለች፣ ለጾሙ። በር ላይ ተቀምጣ በሰፌድ ስትለቅም አመተን ካጠገቧ አስቀመጠቻት። አመተ ለመጀመሪያ ጊዜ ከስልክ ሌላ ነገር አገኘች፤ ሽምብራውን እፍኝ እፍኝ እያደረገች ትበትናለች፣ አንድ አንዷን እየቆነጠረች ታያለች። እናቴ ዘፈነችላት። እኔም ያን ጊዜ ሦስት ስልክ ጠገንኩ።

ከዚያ እናቴ «አመተ!» አለቻት። ዝም። «አመተ ሥላሴ! አንቺ!» ዝም። ወደ እኔ ዞረች። «ምነው ልጄ፣ ይቺ ልጅ ጆሮዋ ይሰማል?»

ከአመተ ኋላ ሄጄ አጨበጨብኩ። ንቅንቅ አላለችም። ስሟን ጠራሁ። ምንም። ወደ ባንኮኒው ሄጄ የስልኩን የመልእክት ድምፅ፣ ያችን ትንሿን ጥሪ፣ አሰማሁ። ከመቅጽበት ዞረች፤ ሽምብራውን በትና እጇን ዘረጋች።

«አየሽ? ይሰማል» አልኳት።

እናቴ ሽምብራውን ከመሬት መልቀም ጀመረች።

የካቲት 14፣ ረቡዕ

አመተ ከጠዋት ጀምራ ትነጫነጫለች። ፊቷን በመዳፏ ትመታለች። የኖኅን ፊልም ከፈትኩላት፤ ጸጥ አለች። ጠዋት ገንፎ፣ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ሽሮ። ቃል፦ የለም።

የካቲት 17፣ ቅዳሜ

ገበያ። ሰው በሰው። አመተ አፍንጫዋ ይፈስሳል። ጉንፋን ነው፣ የዚህ ሰሞን አቧራ። ማልቀሷን ፈርቼ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቼ ሰጠኋት። ሰው ይታዘባል፣ ግን ምን ላድርግ። አንድ ሽማግሌ «ያንተ ልጅ ኢንጂነር ነው የምትሆን» አሉኝ። አሜን አልኩ።

የካቲት 20፣ ማክሰኞ

እናቴ ጠበል ካልወሰድኳት አለች። «አፏ እንዲፈታ ሦስት ቀን ብቻ፣ ደጁ ላይ ነው ያለ፣ ምን ከበደህ?» እምቢ አልኩ፤ ጉንፋን ይዟት ጧት በብርድ እንዴት ትጠመቃለች። «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ብላ አሾፈችብኝ። ከዚያ ግን ቀስ ብላ፣ «ጠበሉ ቢቀር ስልኩን ሦስት ቀን ደብቀው እስቲ። ስለቱም ይኸው ይሁን» አለችኝ።

«እማ፣ መዝሙር እኮ ነው የምታየው።»

«መዝሙር መሆኑንማ አየሁ። ልጅቷ ግን አትዘምርም።»

እሺ አልኳት። ደበቅኩት። ግማሽ ሰዓት አለቀሰች፣ ፊቷን ከግድግዳ ጋር አጋጨች። ሁለት ደንበኞች ከበር ተመለሱ። አውጥቼ ሰጠኋት። እናቴ አይታ እንዳላየች ነጠላዋን አስተካከለች። ሦስት ቀን ያልኩት ግማሽ ሰዓት ሆነ። እንኳን ጾም፣ ቁርስ መዝለልም አይባል።

የካቲት 25፣ እሑድ

ዛሬ መፃጉዕ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት በአልጋው ሲጠብቅ የኖረው ሰውዬ። ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም፤ አመተ ትጮኻለች ብዬ ነው። እናቴ ብቻዋን ሄዳ መጣች፣ ቀትር ላይም እቃዋን ቋጥራ ወደ አገሯ ተመለሰች። ሳትሄድ አመተን ሳመቻትና ፊቷን አኮሳተረች። «ይቺ ልጅ ትሸታለች፣ ደሴ። ገላዋን እጠባት።» ትናንት ነው ያጠብኳት። ዛሬም ደገምኩ። አሁንም አንድ የሚሸት ነገር አለ፣ ከልብሷ ይሁን ከምኗ አላወቅሁም። ልብሷን ሁሉ አጠብኩ።

እናቴ ስትወጣ የተናገረችኝ ግን ከጆሮዬ አልጠፋም። «አንተ ልጅ ሆነህ ታስቸግረኝ ነበር። ‹ይኼ ምንድነው፣ ያ ምንድነው› እያልክ ውሃ ስቀዳ፣ እንጨት ስለቅም፣ እህል ስወቅጥ ጨረስከኝ። ‹ዝም በል› ስልህ ኖርኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ዝም የማይል ልጅ ጸጋ ነው ለካ።»

ምን መለስኩላት? «መኪናው እንዳያመልጥሽ» ነው ያልኳት።

ቤቱ ጭር ሲል ብዙ ነገር አሰብኩ። እኔ ሰነፍ አባት አይደለሁም። አበላታለሁ፣ አጥባታለሁ፣ ጠጉሯን እንኳ ሹሩባ መሥራት ተምሬላታለሁ። የዚህ ከተማ አባቶች ስንቱ ይህን ያደርጋል? ግን ዛሬ ከጠዋት እስከ ማታ ስንት ቃል እንደተናገርኳት ልቆጥር ሞከርኩ። «ነይ»፣ «ብይ»፣ «እንካ»፣ «ተይ»። አራት። ለደንበኛ ስንት ሺህ ቃል እንዳወጣሁ እግዜር ይወቀው። ለወይንእሸት ደግሞ ስንት ውሸት።

ይህን ደብተር ለማን ነው የምጽፈው? ለወይንእሸት ነበር። አሁን ግን መጥታ እንዳታገኘው ከቻርጀሮቹ ካርቶን ሥር እደብቀዋለሁ።

የካቲት 28፣ ረቡዕ

መሪጌታ መጡ። አመተን «አመተ ሥላሴ፣ የሥላሴ ባርያ፣ እንደምን ዋልሽ?» አሏትና ዝቅ ብለው መልስ ጠበቁ። ጠበቁ። እንደ ትልቅ ሰው። እሷ ዓይኗን ከስልኩ አላነሳችም። እኔ አፍሬ «ዓይን አፋር ናት» አልኩ።

«ዓይን አፋርስ ዓይኗን ትሰብራለች» አሉ። «ይቺ አላየችኝም።»

ተናደድኩ። «መሪጌታ፣ እኔ ብቻዬን ነኝ፣ ሚስቴ ሞጣ ናት፣ ምን ላድርግ?» ብዬ ጮኽኩባቸው። በዚህ ዕድሜያቸው! እሳቸው ግን ስልካቸውን ነቅለው ቀስ ብለው ተነሱ። «እኔስ ምን አደርግሃለሁ ልጄ። ማጣትህን አውቃለሁ።» ቻርጁ ገና ግማሽ ነበር።

አመተ ዛሬ ምሳዋን አልበላችም። አፍንጫዋ በአንድ ወገን ብቻ ነው የሚፈስሰው። ቢጫ ነው።

መጋቢት 2፣ እሑድ

መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም። ስልኩ ዘጋ። አመተ ታለቅሳለች።

ጄኔሬተር ያለው ሻይ ቤት ሄጄ ቻርጅ አድርጉልኝ ብዬ ለመንኩ። ወረፋ። እሷን በትከሻዬ ይዤ አንድ ሰዓት ቆምኩ። አልቻልኩም።

ተመለስን። ለቅሶዋ እንደ ሌላው ቀን አይደለም። አፍንጫዋን ትመታለች፣ ትመታለች። ሳቅፋት ሽታው ከትንፋሿ እንደሆነ ገባኝ። ልብሷ አይደለም። ገላዋም አይደለም።

ከዚያ ደም። ትንሽ ነው ግን ደም።

እዚህም ሐኪም ቤት አለ። እኔ ግን ወደ እናቷ ልወስዳት ቆረጥኩ። መኪና የሚገኘው ነገ ጠዋት ነው። ሌሊቱን አቅፌያት ተቀምጫለሁ፤ ስልክ የለም፣ እሷና እኔ ብቻ። ፊቷን ለረጅም ሰዓት ያየሁት ከተወለደች ጀምሮ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። የግራ ቅንድቧ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ። መቼ እንደወደቀች አላውቅም።

መጋቢት 4፣ ማክሰኞ፣ ሞጣ

ትናንት ቀትር ላይ ደረስን። ከመንገድ በሰው ስልክ ደውዬላት ስለነበር ወይንእሸት ከሥራዋ ወጥታ መናኸሪያ ጠበቀችን። አመተን ከእጄ ተቀብላ ልትስማት ስትጠጋ ቆመች። አሸተተች። ፊቷ ተለወጠ። ባሏ መሆኔን ረስታ እንደ ነርስ ነው የጠየቀችኝ፦ «በአንድ ወገን ብቻ ነው የሚፈስሳት?»

«አዎ። ጉንፋን መስሎኝ…»

«ጉንፋን ባንድ ወገን አይፈስስም፣ ደሴ።»

ሐኪም ቤት ገባን። እኔ ጭንቅላቷን ያዝኩ፣ ወይንእሸት መብራት አበራች፣ ጓደኛዋ በቀጭን ወረንጦ ገባች። አመተ የጮኸችው ጩኸት… አልጽፈውም። ወጣ። አብጦ እጥፍ የሆነ፣ ቅርፊቱ የተላጠ፣ ጥሬ ሽምብራ። ጫፉ ላይ ነጭ ቡቃያ ጀምሮ ነበር። ልጄ አፍንጫ ውስጥ በቅሎ ነበር።

ኪሴ ውስጥ ወረንጦ አለ። የስልክ ብሎን የማወጣበት። ሁልጊዜ አለ። እነዚያን ሁሉ ቀናት ነበረ።

ወይንእሸት አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። አመተን አስተኝታ፣ «ስንት ቀን ቆየባት?» አለችኝ።

«እንጃ።»

«ማልቀስ የጀመረችው መቼ ነው?»

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ደብተሩን ይዤው መጥቼ ነበር፤ ቸኩዬ ከልብሷ ጋር ጠቅልዬዋለሁ። አውጥቼ ወደ ኋላ ገለጥኩ። የካቲት 12፣ ሽምብራ። የካቲት 14፣ ፊቷን ትመታለች። የካቲት 17፣ አፍንጫዋ ይፈስሳል። የካቲት 25፣ ትሸታለች። ሁሉንም ጽፌዋለሁ። በገዛ እጄ፣ ቀን እየጠቀስኩ። ሁሉንም አይቻለሁ፣ አንዱንም አላየሁም።

«ሃያ አንድ ቀን» አልኳት።

«ሃያ አንድ ቀን ሙሉ አፍንጫዬን ያመኛል የምትልበት አንድ ቃል የላትም?» አለች። «አንተ ግን እስከ አሥር ትቆጥራለች አልከኝ።»

ደብተሩን ሰጠኋት። ሌላ የምሰጣት ነገር አልነበረኝም።

መጋቢት 5፣ ረቡዕ

ሌሊቱን አነበበችው። ጠዋት ዓይኗ አብጧል። «ያቺን ዘጠኝ ወር የሆነ ልጅ ያዘለች ሴት ታውቃታለህ?» አለችኝ። አላውቃትም አልኳት። «ፈልጋት» አለች።

ከዚያ፣ «እኔም ‹ጎበዝ› ብዬሃለሁ» አለች። «ስደውል ከምታለቅስብኝ ስልክ ላይ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ጻፈው እሱንም።» ጻፍኩት።

አመተ ሞጣ ትቀራለች። ዘይዳ መጥታ ወሰደቻት፤ ጫማዋን እንኳ ሳታደርግላት። «ስለማታወራ ከልጆቼ ጋር መስማማት ይቸግራታል ብለህ እንዳትፈራ» አለችኝ። «የኔዎቹ ዝም ያለ ሰው አይወዱም። እስኪመልስ ይነዘንዙታል።»

ሊሸኙኝ መጥተው ሚኒባስ ስገባ አመተ አላለቀሰችም። እጄን አየች። ስልኩን የያዘውን። ኪሴ ውስጥ ስከተው ዓይኗ ተከተለው።

መጋቢት 9፣ እሑድ፣ ቢቸና

ገብርኄር። በጥቂቱ የታመነው አገልጋይ። አልሄድኩም።

መጋቢት 15፣ ቅዳሜ

ገበያ። ሰው ሁሉ «ያቺ ልጅ የታለች?» ይላል። «እናቷ ጋ ናት።» «ውይ፣ ስልክ ስትነካ አይተን ልንገዛ ነበር የመጣነው።» ሁለት ሰው ሳይገዛ ሄደ።

መሪጌታን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ልጅቷን ሳልሰማ ደንቁሬ፣ እርስዎ ላይ ጮኽኩብዎት» አልኳቸው። «እንግዲህ አፍህ ተፈታ» ብለው ሳቁብኝ። ሻይ ጋበዝኳቸው፣ ስልካቸውም ሙሉ ቻርጅ ሆነ።

ወይንእሸት ትደውላለች ግን አመተን አታገናኘኝም። «አትለምን» ትላለች። «ስልክ የለም እያልኩ አሥር ቀን ነው የታገልኩት።» ማታ ማታ ትጮሃለች አለች፣ ልብስ ትበትናለች፣ የዘይዳን ታናሽ ልጅ ነክሳለች። ቃል፦ የለም። አንድ ነገር ግን አለ፤ ትናንት ስሟን ስትጠራት ዞረች። በአምስተኛው።

መጋቢት 29፣ ቅዳሜ

የፋሲካ ዋዜማ። ሱቁ ሞልቶ ፈሰሰ። የደመሰስኩትን ሁሉ መልስልኝ ነው።

ያቺ ሴት መጣች፣ ልጇን አዝላ። አሁን አሥራ አንደኛ ወሩን ይዟል። ስልኩን ዘረጋችልኝ። «ስሙን ስትጠሪው ይዞራል?» አልኳት።

«ምን?»

«ልጅሽ። ስትጠሪው ይዞራል?»

ፊቷ ጠቆረ። «አንተ ልጄን ምን አገባህ? ጫንልኝ፣ ቤት ዶሮ ጥጄ ነው የመጣሁ።» ሌሎቹ ሳቁ። ነገሩን ልነግራት ፈለግሁ፤ ሽምብራውን፣ ሃያ አንዱን ቀን። ሰው በሰው ላይ ነበር። አፌ ውስጥ ቀረ።

«የልጆች» የሚለውን ግን ከኮምፒውተሩ አጥፍቼዋለሁ። «ተበላሽቶብኛል» አልኳት። ደግሞ ውሸት። ወደ ታችኛው ሱቅ ሄደች፣ እዚያ ይጭኑላታል።

ስልኬን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ ነገ ጠዋት ወደ ሞጣ እሄዳለሁ። ወይንእሸት የጠየቀችው ይህን ብቻ ነው፤ «ባዶ እጅህን ና።»

መጋቢት 30፣ እሑድ፣ ፋሲካ፣ ሞጣ

ሚኒባሱ ዘግይቶ ቀትር አለፈ ብሎ ደረስኩ። ግቢው ውስጥ የዘይዳ ሦስት ልጆች ይሯሯጣሉ፤ አመተ ከኋላቸው፣ በባዶ እግሯ፣ አንድ ትልቅ ቆርኪ ይዛ። ልብሷ ላይ ወጥ ፈሷል። ከስታለች ወይስ ረዝማለች አላውቅም።

«አመተ!» አልኳት።

ዞረች። በመጀመሪያው ዞረች። ሮጣ መጣች፤ እጄን ዘርግቼ ተንበረከክሁ። አላቀፈችኝም። ቀጥታ የሱሪዬን ቀኝ ኪስ ያዘች፣ እጇን አስገባች። ባዶ። ወደ ግራው ዞረች። ወረንጦውን አወጣች፣ አየችው፣ ጣለችው። የኮቴን የውስጥ ኪስ ፈተሸች። እኔ ዝም ብዬ ተፈተሽኩ። ወይንእሸት በሩ ላይ ቆማ ታያለች።

መጨረሻ ላይ አመተ ሁለት እጆቿን ዘረጋች፣ መዳፏን ገልብጣ፣ እናቷ እንደምታደርገው ሳይሆን አይቀርም። ቀና ብላም ፊቴን አየችኝ። ዓይኔን። እኔን።

«የለም?» አለች።

«የለም፣ ልጄ» አልኳት። «እኔ ብቻ ነኝ የመጣሁት።»

ለጥቂት ጊዜ አሰበችበት። ከዚያ ቆርኪዋን ይዛ ወደ ልጆቹ ተመለሰች። ምሳ እየበላን ሳለ ሁለት ጊዜ መጥታ ኪሴን ድጋሚ ፈትሻለች።

ማታ ወይንእሸት ደብተሩን ጠየቀችኝ። ሰጠኋት። ሁለተኛውን ገጽ አልገለጠችም። የመጀመሪያውን፣ ቁጥር ያወጣችበትን ገልጣ እስክሪብቶውን አቀበለችኝ። ከአንደኛው ቁጥር ትይዩ «የለም» ብዬ ጻፍኩ፤ ቀኑንም ከጎኑ።